ማሳሰቢያ፦ የጀነራል ኬሚስትሪ መጽሐፍ ለምትመርጡ ፍሬሽማኖች

ግቢ በገባችሁ በመጀመሪያው ሳምንት ሲኒየሮች የመጽሐፍ ስም ይደረድሩላችኋል፦ ቻንግ፣ ዙምዳል፣ ፔትሩቺ፣ ብራውንና ሌሜይ። ሁሉም ብዙ ተማሪ ያለፈባቸው መጻሕፍት ናቸው። ለጓደኛችሁ የበጀው ግን ለእናንተ ላይበጅ ይችላል። ኪሳችሁን ከመክፈታችሁ፣ ስልካችሁንም በፒዲኤፍ ከመሙላታችሁ በፊት የሚከተለውን ልብ በሉ።

እነዚህን አድርጉ

1. ኮርስ አውትላይናችሁን ይዛችሁ ምረጡ። አብዛኛው መጽሐፍ ከመለኪያና ከስቶይኪዮሜትሪ ይነሳል፤ «አተምስ ፈርስት» የተባለው ዓይነት ደግሞ የአቶምን አወቃቀርና ቦንድን ያስቀድማል። ሁለቱም መንገድ ያደርሳል፤ መምህራችሁ በአንዱ እየሄዱ እናንተ በሌላው ከሄዳችሁ ግን ትጠፋላችሁ።

2. በአንድ ጥያቄ ፈትኑት። 10 ግራም ሃይድሮጅን ከ64 ግራም ኦክስጅን ጋር ሲቃጠል ስንት ግራም ውሃ ይወጣዋል? መጽሐፉን ሊሚቲንግ ሪአክታንት የሚለው ላይ ግለጡና አንብቡ። ጥሩ መጽሐፍ አስቀድሞ «ቀድሞ የሚያልቀው የትኛው ነው?» ብሎ ያስጠይቃችኋል። ወጡ ሲያልቅ እንጀራው እንደሚተርፍ ሁሉ፣ እዚህም ኦክስጅኑ ያልቅና 2 ግራም ሃይድሮጅን ይተርፋል፤ ውሃው 72 ግራም ነው። ማብራሪያውን ካነበባችሁ በኋላ ሌላ ተመሳሳይ ጥያቄ ብቻችሁን መሥራት ከቻላችሁ፣ መጽሐፉ የእናንተ ነው። ቀመር ብቻ ሰጥቶ ካለፈ መልሱት።

3. የመጨረሻዎቹን ገጾች እዩ። ብዙዎቹ መጻሕፍት የጎዶሎ ቁጥር ጥያቄዎችን መልስ ከኋላ ያስቀምጣሉ። መልስ የሌለው መጽሐፍ ብቻውን ለሚያጠና ሰው አይመችም።

4. ስታንዳርዱን አጣሩ። አይዩፓክ በ1982 እ.ኤ.አ. መደበኛውን ግፊት ከ1 አትሞስፌር ወደ 1 ባር ቀይሮታል። ስለዚህ የአንድ ሞል ጋዝ መጠን በአንዱ መጽሐፍ 22.4፣ በሌላው 22.7 ሊትር ሆኖ ብታገኙት አትደናገጡ። መምህራችሁ የሚጠቀሙት የትኛውን እንደሆነ ግን ከፈተና በፊት ጠይቁ።

5. በነጻ የተፈቀደውን አስቀድሙ። በአሜሪካ የራይስ ዩኒቨርሲቲ ኦፕንስታክስ «ኬሚስትሪ 2ኢ» የተባለ ባለ 21 ምዕራፍ መጽሐፍ አዘጋጅቷል። ምንጩን እስከጠቀሳችሁ ድረስ ማውረድም፣ ማተምም፣ ለጓደኛ ማካፈልም ይቻላል።

እነዚህን አታድርጉ

1. በእትም ቁጥር አትታለሉ። የቦይል ሕግ በ9ኛውም በ13ኛውም እትም ያው ነው። ብዙ ጊዜ የሚለወጠው የጥያቄዎቹ ቁጥር ነው፤ «ምዕራፍ 4፣ ቁጥር 37ን ሥሩ» ስትባሉ የምትሠሩት ሌላ ጥያቄ እንዳይሆን ከመምህሩ እትም ጋር አስተያዩ።

2. ፎቶ ኮፒ ሳታገላብጡ አትግዙ። ቀለሙ ሲጠፋ በቀለም ብቻ የሚለዩት አቶሞች ተመሳሳይ ግራጫ ሊሆኑ ይችላሉ። ከዚህ የባሰም አለ፦ ከ10 በላይ በስተቀኝ የተጻፈችው ትንሿ ‑3 ነጌቲቭ ምልክቷ ከደበዘዘ 3 ሆና ትነበባለች። በዚያች ጭረት ምክንያት መልሳችሁ በአንድ ሚሊዮን እጥፍ ይስታል።

3. ሶሉሽን ማኑዋልን ከመጽሐፉ አታስቀድሙ። የሌላ ሰው አሠራር ስታነቡ ሁሉም ነገር የገባችሁ ይመስላችኋል፤ ባዶ ወረቀት ፊት ስትቀመጡ ግን እጃችሁ ይታሰራል።

4. አምስት መጽሐፍ አትሰብስቡ። አንዱን ዋና፣ ሌላውን ደጋፊ አድርጉ። የ11ኛና የ12ኛ ክፍል መጽሐፋችሁንም አትጣሉ፤ ሞል ላይ የተደናቀፈ ሰው መመለሻው እሱ ነው።

5. የቤተ መጻሕፍቱን መጽሐፍ አትቅደዱ፣ መልስም አትጻፉበት። ፔሪዮዲክ ቴብሉን ቀድዶ የሄደ ተማሪ ከኋላው የሚመጡትን ሁሉ ከጥናት ያስቀራል።

በገዛችሁት መጽሐፍ ላይ ስህተት ስታገኙ በእርሳስ አርሙ። ሴሚስተሩ ሲያልቅም ለተከታዮቻችሁ አስተላልፉት፤ እናንተ ያገኛችኋትን የጠፋች ነጌቲቭ እነሱ እንደገና ሲፈልጉ አይደሩ።