ስለ ዊንዶውስ 11 ነጋዴ ሊያውቀው የሚገባ

ነጋዴ ጨርቅ ሲገዛ በእጁ ዳስሶ፥ ቡና ሲገዛ ቀምሶ ነው። በጽሕፈት ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ላለው ኮምፒዩተር ግን እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ሲያደርግ እምብዛም አይታይም፤ ሠራተኛው «አዲሱ ተጭኗል» ሲለው እሺ ብሎ ይቀበላል። ስለዚህ ዊንዶውስ 11 በተባለው ስርዓተ ክወና፥ ይኸውም የኮምፒዩተሩን አካላትና ፕሮግራሞች ሁሉ በሚያስተዳድረው ዋና ፕሮግራም፥ በአንድ ሱቅ ጽሕፈት ቤት ለጥቂት ሳምንታት ሠርተንበት ያስተዋልነውን በዛሬው ትምህርታችን ለክቡራን አንባቢዎቻችን እናቀርባለን።

ዊንዶውስ 11 የወጣው መስከረም 25 ቀን 2014 ዓ.ም. ቢሆንም ለብዙው ነጋዴ አዲስ የሆነው በቅርቡ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2007 ዓ.ም. ጀምሮ ሲያገለግል የኖረው ዊንዶውስ 10 ከአምራቹ ከማይክሮሶፍት ያገኝ የነበረው መደበኛ ጥገና ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ኦክቶበር 14 ቀን 2025፥ አብቅቷልና።

አስቀድሞ ስለ መልኩ እንናገር። ለብዙ ዓመታት በስክሪኑ ግርጌ በግራ ማዕዘን የኖረው «ስታርት» ወደ መካከል ተዛውሯል። የማውሱ ቀኝ አዝራር ሲጫን የሚወጣው ዝርዝርም አጥሯል፤ የቀድሞውን ሙሉ ዝርዝር ለማግኘት አንድ ጊዜ ተጨማሪ መጫን ያስፈልጋል። የሱቁ ጸሐፊ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ተቸግራ ነበር። ይሁን እንጂ «ስታርት»ን በሴቲንግ በኩል ወደ ግራ መመለስ ይቻላል፤ በሳምንቱ መጨረሻ ላይ ስለ መልኩ የሚያነሣ ሰው አልነበረም።

ከመልኩ ይልቅ ያስቸገረን የፊደሉ ነገር ነው። ፕሮግራሙን ከባዶ በጫንበት ኮምፒዩተር ላይ ኒያላ በተባለው ፎንት የተጻፈ የዋጋ ማቅረቢያ ስንከፍት ፊደሉ በሌላ ቅርጽ ታየ፤ መስመሮቹ ተገፉ፤ የጠቅላላው ድምር መስመርም ወደሚቀጥለው ገጽ ወረደ። ኒያላ ከዊንዶውስ 10 ጀምሮ በተጨማሪነት የሚጫን ስለ ሆነ፥ ኮምፒዩተር በተለወጠ ቁጥር ይህ ችግር ሊመለስ ይችላል። መድኀኒቱ በሴቲንግ ውስጥ ካሉት ተጨማሪ አገልግሎቶች «ኢትዮፒክ ሰፕለሜንታል ፎንትስ» የተባለውን መጫን ነው።

ዋናው ቁም ነገር ግን መልክም ፎንትም ሳይሆን መቈለፊያውና ቁልፉ ነው። «አሮጌው እየሠራልኝ ለምን እለውጣለሁ?» የሚል ነጋዴ በ2009 ዓ.ም. የሆነውን ያስታውስ። ማይክሮሶፍት በመጋቢት 5 ቀን የአንድ ጉድለት መድፈኛ አውጥቶ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ በግንቦት 4 ቀን ዋናክራይ የተባለው ተንኰለኛ ፕሮግራም በዚያው ጉድለት ገብቶ ከ150 በሚበልጡ አገሮች የብዙ ድርጅቶችን መዝገብ ቈለፈና ለመክፈቻው ገንዘብ ጠየቀ። መድፈኛውን አስቀድመው የጫኑ በዚያ በር ሊገባባቸው አልቻለም። ጥገናው የተቋረጠበት ኮምፒዩተር ነገ ለሚገኘው ጉድለት መድፈኛ አያገኝም። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

ስለ ቁልፉም ማወቅ ያሻል። አዲሱ ስርዓት ሲጫን ኢንተርኔትና የማይክሮሶፍት አካውንት ይጠይቃል፤ በብዙ አዳዲስ ኮምፒዩተሮችም ላይ ዲስኩን በምስጢር ይቈልፍና የመክፈቻውን ቍጥር በዚያው አካውንት ውስጥ ያኖራል። እንግዲህ አካውንቱ በጫነው ባለሙያ ኢሜይል ከተከፈተ፥ የድርጅቱ መዝገብ ቁልፍ በሌላ ሰው እጅ ነው። ኮምፒዩተሩ አንድ ቀን ያንን ቍጥር ቢጠይቅና ባለሙያው ባይገኝ፥ የደንበኞች ዕዳና የዕቃ ቈጠራ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ አካውንቱ በባለቤቱ ወይም በድርጅቱ ስም ይከፈት፤ ቍጥሩም በወረቀት ታትሞ ከንግድ ፈቃዱ ጋር ይቀመጥ።

ያገለገሉ ኮምፒዩተሮችን ለሚያስመጡና ለሚሸጡ ነጋዴዎች ደግሞ ሌላ ማስጠንቀቂያ አለን። ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፥ 64 ጊጋባይት የማከማቻ ቦታና የምስጢር ቁልፎችን የሚጠብቅ ቲፒኤም 2.0 የተባለ አካል ይፈልጋል። ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም፥ ከጥቂቶች በቀር፥ የሚቀበለው ከ8ኛው ትውልድ ወዲህ ያሉትን ነው። ትውልዱ ከስሙ ይነበባል፦ ኮር አይ 5-7500 የ7ኛው ትውልድ ሲሆን ኮር አይ 5-8500 የ8ኛው ነው። በዚህ በአንዲት አኃዝ ምክንያት አንዱ የወደፊት ጥገና ሲያገኝ ሌላው አያገኝም። መስፈርቱን በብልኀት አልፎ የሚጭን ሰው አይጠፋም፤ ነገር ግን ማይክሮሶፍት ለእንዲህ ያለው ኮምፒዩተር እድሳት የማግኘት መብት እንደሌለው አስታውቋል። ገዢ ይህን ሳያውቅ ቢገዛ፥ ነገ የሚመጣው ወደ ሻጩ ሱቅ ነው።

አሮጌውን ለጊዜው ለማቆየት የሚፈልግ ድርጅትም ሒሳቡን ይሥራ። ማይክሮሶፍት ለድርጅቶች ያስታወቀው ተጨማሪ ጥገና በአንድ ኮምፒዩተር ለመጀመሪያው ዓመት 61 ዶላር ሲሆን በየዓመቱ እጥፍ እየሆነ ለሦስቱ ዓመታት 427 ዶላር ይደርሳል። መስፈርቱን ለሚያሟላና ሕጋዊ ዊንዶውስ 10 ላለው ኮምፒዩተር ግን ወደ አዲሱ መሻገር ያለ ክፍያ ነው።

በመጨረሻም የሥራውን ቅደም ተከተል እናስታውሳለን። 1ኛ፥ ኮምፒዩተሩ መስፈርቱን ማሟላቱን «ፒሲ ኸልዝ ቼክ» በተባለው የማይክሮሶፍት መመርመሪያ ማረጋገጥ፤ «ቲፒኤም የለም» ቢል አካሉ እያለ ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል ከመጣል በፊት ባለሙያ ማሳየት። 2ኛ፥ የድርጅቱን መዝገብ ሁሉ ከኮምፒዩተሩ ውጭ ገልብጦ፥ ቅጂው መከፈቱን በሌላ ኮምፒዩተር ማየት። 3ኛ፥ ሁሉንም በአንድ ቀን ከመለወጥ ይልቅ በአንዱ ጀምሮ የሒሳቡ ፕሮግራምና ማተሚያው በትክክል መሥራታቸውን ለአንድ ሳምንት መፈተን። ይህም ሳምንት የወር መጨረሻ ሒሳብ የሚዘጋበት ባይሆን መልካም ነው።

ጨርቁን የሚዳስሰው እጅ ከእንግዲህ ወዲህ የኮምፒዩተሩንም ምልክት ያንብብ፤ ቁልፉንም ራሱ ይያዝ።