ማገዝ ሌላ፣ መለወጥ ሌላ

ስሙ ሲጠራ ዘወር የማይል፣ ሁለት ዓመት ሞልቶት በጣቱ ‹‹ያንን›› ብሎ የማያመለክት፣ ከእኩዮቹ ተነጥሎ የጠርሙስ ክዳን ሲያሽከረክር የሚውል ሕፃን በውጫሌም በአዲስ አበባም አለ። ለመሆኑ ምን እንለዋለን? እኔ ባደግሁበት በአምባሰል ወይ ‹‹ጅን ነክቶት ነው›› ይባላል፤ ወይ ‹‹አባቱም አፉን የፈታው ዘግይቶ ነው፣ ተዉት›› ይባላል። የመጀመሪያው ልጁን ጓዳ ያስቀረዋል፤ ሁለተኛው ዕድሜውን ይበላበታል።

ሊዮ ካነር የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1943 በ11 ልጆች ያየውን ከጻፈ ወዲህ ኦቲዝም የአእምሮ ዕድገት ልዩነት መሆኑ ታውቋል። አንድ ሰሞን በእናት ‹‹ቅዝቃዜ›› ተሳብቦ ነበር፤ ውሸት ነው። የእኛም እናቶች ይህን ወቀሳ ያውቁታል።

በአገራችን መንገዱን የከፈቱት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ናቸው። ኦቲዝም ያለበት ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ሲያጡ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንን መሥርተው የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን በአዲስ አበባ ከፈቱ።

ውጫሌ ላይ እንዲህ ያለ ማዕከል እስኪመጣ ግን እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አይገባም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2 እስከ 9 ዓመት ላሉ ልጆች ወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠና 9 የቡድን ትምህርትና 3 የቤት ጉብኝት ያለው ሲሆን፣ በኢትዮጵያም ተሞክሯል። ዋናው ነገር ውድ መሣሪያ አይደለም። በልጁ ዓይን ትይዩ መቀመጥ፣ የሚሠራውን አብሮ መሥራት፣ አንድ ቃል ብሎ መጠበቅ ነው። እናት ቡና ስታቀራርብ ‹‹ስኒ›› ብላ እጇን ዘርግታ ትጠብቅ፤ ካቀበላት ደስታዋን ታሳየው። በየቀኑ። አስቀድሞ ግን ጆሮው ይመርመር።

በውጭ አገር ደግሞ ኦቲዝም ያለባቸው አዋቂዎች ‹‹እኛ በሽታ አይደለንም፤ እንዳለን ተቀበሉን›› ይላሉ። እውነት አላቸው። ነገር ግን ምንም እገዛ ያላገኘን ሕፃን ‹‹ተቀብለነዋል›› ብሎ መተው መቀበል ሳይሆን መርሳት ነው። የውጫሌ ሰው የአንድ ቃል ልዩነት ምን እንደሚያመጣ ያውቃል፤ በ1881 ዓ.ም. ውል አንቀጽ 17 ላይ አማርኛው ምርጫ ያለውን ጣሊያንኛው ግዴታ አድርጎት ነበር። ‹‹ማገዝ›› የሚለውንም ‹‹መፈወስ›› ብለን ከተረጎምነው ልጁን ወደማይሆነው ልጅ ልንጎትተው ነው።

የእኔ መለኪያ ይህ ነው፦ ልንለውጠው የፈለግነው እርሱን የሚጎዳውን ነው ወይስ እኛን የሚያሳፍረንን? ከደሴ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት ላይ ዘሎ እንዳይገባ፣ ሲርበው እንዲናገር ማስተማር ግዴታችን ነው። እጁን ቢያርገበግብ ግን ማንን ጎዳ? ዱዓ ማድረግና ቁርኣን መቅራት መልካም ነው፤ መግረፍና ማሰር ግን ሩቃ አይባልም።

መስጊድም የእርሱ ነው። ሱረቱ ዐበሰ ስለ ዓይነ ስውሩ ዐብዱላህ ኢብን ኡሙ መክቱም መውረዷን የሚያውቅ ጀመዓ፣ በሶላት መሐል ድምፅ ያሰማን ልጅ በግልምጫ ሊያባርር አይገባም። ወላጆች መጀመሪያ ሰው ባልበዛበት ሰዓት ያለማምዱት፤ ጁምዓ ሲመጣ ከድምፅ ማጉያው ራቅ፣ ወደ በሩ ቀረብ ብለው ይቀመጡ፤ ሲበዛበትም ይዘውት ይውጡ። በሩ አጠገብ የተቀመጥንም ቦታ እንልቀቅላቸው።