በአንድ ቀን ሩጫ ሰው አይለካም፦ የቀድሞ ስፖርተኞቻችን ሕይወት ለመምህር ምን ያስተምራል?



የቀድሞ ስፖርተኞቻችን ስም ሲነሣ ሁላችንም ትዝ የሚለን አንድ አንድ ቀን ነው። አበበ ቢቂላ ሲባል ሮም፣ ማሞ ወልዴ ሲባል ሜክሲኮ፣ ምሩፅ ይፍጠር ሲባል ሞስኮ ይታወሰናል። ለመሆኑ ከዚያ ቀን በፊት ምን ይሠሩ ነበር? ከዚያ ቀን በኋላስ ኑሯቸው እንዴት ሄደ? ተብለን ብንጠየቅ ግን ብዙዎቻችን እንንተባተባለን። ሲወራም ሲጻፍም ጎልቶ የሚወጣው ድሉ ስለሆነ ይህ አይደንቅም።

ይሁን እንጂ ነገ ጠመኔ ይዘን ተማሪ ፊት ለምንቆም ሰዎች፣ ከድሉ ይልቅ የተጓዙበት መንገድ ይበልጥ ይጠቅመናል። ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ የአምስት ሰዎችን መንገድ እንመለከትና በመጨረሻ ለሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ የሚሆን ትምህርት እናወጣለን። ዓመቶቹን በሙሉ የጻፍነው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

1. ማሞ ወልዴ

ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ የተካፈለችው በ1949 ዓ.ም. በአውስትራሊያ፣ በሜልቦርን ከተማ ነው። በዚያ ቡድን ውስጥ ማሞ ወልዴ የሚባል የክብር ዘበኛ ወታደር ነበረ። ከዚያ ቀደም ወደ ኮሪያ ከተላኩት ወታደሮቻችን ጋር ሄዶ አገልግሏል። ታዲያ ማሞ በሜልቦርን የተሰለፈው በምን ይመስላችኋል? በ800 ሜትር፣ በ1,500 ሜትርና በ4 በ400 ሜትር ዱላ ቅብብል ነው። በአንዱም ከማጣሪያው አላለፈም።

እዚህ ላይ እስቲ ቆም እንበል። ያን ቀን በስታዲየሙ ተቀምጦ ማሞን ያየ ሰው «ይሄ ልጅ ሩጫ አይሆነውም» ቢል ማን ይፈርድበታል? ሰዓቱ ተይዟል፣ ውጤቱም ተጽፏል። ሆኖም ያ ውጤት የሚናገረው ስለ ሁለትና ሦስት ርቀቶች ብቻ ነበር፤ ስለ 42 ኪሎ ሜትር የሚለው አንዳች ነገር አልነበረውም።

በ1952ቱ የሮም ኦሎምፒክ ማሞ አልተሰለፈም። በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ በ10,000 ሜትር 4ኛ ወጣ፤ ማራቶኑን ግን ጀምሮ አቋረጠ። ይህም ሁሉ ሆኖ ልምምዱን አልተወም። በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ሲቲ በ10,000 ሜትር ኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ አንድ ሴኮንድ በማይሞላ ጊዜ ቀድሞት 2ኛ ሆነ። ከሳምንት በኋላ ጥቅምት 10 ቀን በማራቶን 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ ሮጦ አንደኛ ወጣ። ሁለተኛው ጃፓናዊው ኬንጂ ኪሚሃራ ከ3 ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ነው የደረሰው። ከሜልቦርን ማጣሪያ እስከ ሜክሲኮ ወርቅ ድረስ 12 ዓመት አለፈ ማለት ነው። ማሞ በዚህም ሳያበቃ በ1964 ዓ.ም. በሙኒክ፣ ዕድሜው 40 ሆኖ፣ በማራቶን 3ኛ ወጣ።

ከሩጫ በኋላ የገጠመው ኑሮ ግን ከባድ ነበር። የደርግ መንግሥት ከወደቀ በኋላ፣ በቀይ ሽብር ዘመን በተፈጸመ ግድያ ተከሶ ዘጠኝ ዓመት ያህል ታሰረ። እሱ በበኩሉ ንጹሕ ነኝ ይል ነበር። በ1994 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ ጥፋተኛ ነህ ብሎ 6 ዓመት ሲፈርድበት፣ ከተፈረደበት በላይ ታስሮ ስለነበር ተለቀቀ፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ግንቦት 18 ቀን 1994 ዓ.ም. ዐረፈ። ይህን ክፍል ዘልለን ብናስተምር ተማሪው ወርቅ ካገኘ ሰው ላይ ችግር የማይደርስ ይመስለዋል። ስለዚህ መነገር አለበት።

2. አበበ ቢቂላ

የአበበን ድል መተረክ ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። ባጭሩ ግን፣ ይኸው የክብር ዘበኛ ወታደር ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእኛ የዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ በሮም ከተማ በባዶ እግሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ሮጦ አሸነፈ። በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው፣ ድሉን ደገመው። የማራቶን ወርቅ ሁለት ጊዜ በተከታታይ ሲገኝ ይህ በኦሎምፒክ ታሪክ የመጀመሪያው ነበር።

በነገራችን ላይ በዚያው በሮም ማራቶን 7ኛ የወጣውን ኢትዮጵያዊ ስንቶቻችን እናውቀዋለን? አበበ ዋቅጅራ ይባላል። በዓለም ላይ 7ኛ መውጣት ቀላል ነገር አይደለም እኮ! ግን የአንደኛው ብርሃን ጋረደው።

ወደ አበበ ቢቂላ እንመለስ። በሜክሲኮ እግሩን ታሞ ውድድሩን አቋረጠ። በ1961 ዓ.ም. በመጋቢት ወር ገደማ በደረሰበት የመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ብዙ ወራት ታከመ፤ እግሮቹ ግን አልተመለሱለትም። እዚህ ላይ «በቃ፣ አለቀለት» የሚል ሰው ነበረ ቢባል ያስኬዳል። አበበ ግን በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ ቀስት መወርወር ተማረ፤ በስቶክ ማንደቪል የአካል ጉዳተኞች ጨዋታዎችም በቀስት ውርወራ ተወዳደረ። ወደ ኖርዌይ ተጋብዞ ሄዶም በበረዶ ላይ ጋሪ ውድድር ተካፍሎ አሸነፈ። እግሮቹን ያጣ ሯጭ፣ በእጆቹ ሌላ ስፖርት ጀመረ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐረፈ።

3. ምሩፅ ይፍጠር

ምሩፅ የአዲግራት አካባቢ ልጅ ነው። በወጣትነቱ በፋብሪካ ሠርቷል፣ ጋሪም ነድቷል። የሩጫ ችሎታው የታወቀው አየር ኃይል ከገባ በኋላ ነው። በ1964 ዓ.ም. በሙኒክ በ10,000 ሜትር 3ኛ ወጣ፤ በ5,000 ሜትር ግን ሳይሰለፍ ቀረ። «በሚቀጥለው እክሳለሁ» እንዳይል ደግሞ በ1968 ዓ.ም. የሞንትሪያል ኦሎምፒክ ሌላ ነገር መጣ። የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ዘረኛው ሥርዓት ወደ ነገሠባት ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በመጫወቱ፣ ኢትዮጵያና ሌሎች ብዙ የአፍሪካ አገሮች በጨዋታው አንሳተፍም አሉ። ምሩፅም ለስምንት ዓመት የኦሎምፒክ መም ሳይረግጥ ቆየ።

በዚህ መካከል ዝም ብሎ አልተቀመጠም፤ በ1969 እና በ1971 ዓ.ም. በተደረጉት የአትሌቲክስ የዓለም ዋንጫ ውድድሮች 5,000ንም 10,000ንም አሸነፈ። በሐምሌ 1972 ዓ.ም. በሞስኮ ኦሎምፒክ ሁለቱንም ወርቅ ጠቅልሎ ወሰደ። መጨረሻው ላይ ድንገት ፍጥነት ስለሚጨምር ሕዝቡ «ማርሽ ቀያሪው» አለው። ዕድሜው ስንት እንደሆነ ጋዜጠኞች ደጋግመው ቢጠይቁትም ቁርጡን አልነገራቸውም። ኋላ በካናዳ ኖሮ ታኅሣሥ 13 ቀን 2009 ዓ.ም. እዚያው ዐረፈ፤ አስከሬኑ ወደ አገሩ መጥቶ በአዲስ አበባ ተቀበረ።

4. ይድነቃቸው ተሰማ

ስፖርተኛ ሲባል ሯጭ ብቻ እንዳይመስለን አንድ የእግር ኳስ ሰው እንጨምር። አቶ ይድነቃቸው የታዋቂው ባለ ቅኔና ዘፋኝ የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ ናቸው። ለቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ለረጅም ዘመን ተጫወቱ። በ1949 ዓ.ም. በካርቱም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። በጥር 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ አሠልጣኙ እሳቸው ነበሩ። ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስካረፉበት እስከ ነሐሴ 1979 ዓ.ም. ድረስ የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆነው፣ ደቡብ አፍሪካ ዘረኛ ሥርዓቷን እስካልተወች ድረስ ወደ ጨዋታው እንዳትገባ ታግለዋል። ተጫዋች፣ አሠልጣኝ፣ አስተዳዳሪ፦ አንድ ሰው ሦስት ሥራ። ጉልበት ሲደክም ዕውቀት ይቀጥላል ማለት ይህ ነው።

5. ደራርቱ ቱሉና የበቆጂው መምህር

ደራርቱ ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10,000 ሜትር አሸንፋ ከጥቁር አፍሪካ ሴቶች የመጀመሪያዋ የኦሎምፒክ ወርቅ ባለቤት ሆነች። በመካከሉ ልጅ ወልዳ ተመለሰችና በ1993 ዓ.ም. በሲድኒ ወርቁን ደገመችው። በ2002 ዓ.ም. በ37 ዓመቷ የኒውዮርክን ማራቶን አሸነፈች፤ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነች።

ለኛ ለዕጩ መምህራን ግን ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ ነገር አለ። በአርሲ፣ በበቆጂ ከተማ፣ አቶ ሥንታየሁ እሸቱ የሚባሉ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነበሩ። ደራርቱን በልጅነቷ አይተው ያሠለጠኗት እሳቸው ናቸው። ከእሷም በኋላ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን የመሰሉ ልጆች በእጃቸው አልፈዋል። የጀመሩት በአንድ ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ነው።

ሰውነታችን ስለ ርቀት ምን ይላል?

የማሞ ነገር ዕድል ብቻ አይደለም፤ ምክንያት አለው። በጡንቻችን ውስጥ ሁለት ዓይነት ጭረቶች አሉ። አንደኞቹ ፈጥነው ይኮማተራሉ፣ ቶሎም ይደክማሉ። ሁለተኞቹ በዝግታ ይኮማተራሉ፣ ለረጅም ጊዜ ግን አይደክሙም። በ100 ሜትር ሩጫ ጡንቻው ኃይል የሚያገኘው በአብዛኛው ኦክሲጅን ሳይጠብቅ ነው። በማራቶን ግን ኃይሉ ከሞላ ጎደል የሚመጣው በትንፋሽ ከሚገባው ኦክሲጅን ነው፤ ልብና ሳንባ ይፈተኑበታል። የሁለቱ ጭረቶች መጠን ከሰው ሰው ይለያያል፤ ትንፋሽም በልምምድ ይሻሻላል። እንግዲህ በ100 ሜትር የመጨረሻ የሆነ ልጅ በ3,000 ሜትር የት እንደሚሆን ከወዲሁ ማወቅ አይቻልም።

በሜዳ ላይ ያየነው

በማስተማር ልምምዳችን ወቅት በአንድ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ተመልክተን ነበር። ልጆቹ በሰልፍ ቆሙ፣ አንድ ጊዜ 100 ሜትር ያህል ሮጡ፣ በአወጣጣቸው ቅደም ተከተል ማርክ ተሰጣቸው። አለቀ። የመጨረሻ የወጣች አንዲት ልጅ ጥግ ይዛ ተቀመጠች። ጠጋ ብለን ስናነጋግራት ቤቷ ሩቅ እንደሆነና በየጠዋቱ ደወል እንዳያመልጣት ሦስት አራት ኪሎ ሜትሩን በሩጫ እንደምትመጣ ነገረችን። «ታዲያ ሯጭ ነሻ!» ብንላት፣ «ኧረ እኔ ሩጫ አልችልም፤ አሁን አላያችሁም?» አለች።

ያች ልጅ በየቀኑ ትሮጣለች፤ ሩጫ አልችልም ብላ ግን አምናለች። ያሳመናት ማርኩ ነው። ደራርቱ ይህን የመሰለ አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ቢደርሳት ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ብለን መጠየቅ አለብን። በየገጠሩ ስንመደብ በእጃችን የሚገባው ነገር ይኸው ነው።

ምን እናድርግ?

ሀ/ ልጆችን ቢያንስ በሦስት ርቀት እናሩጥ፦ በአጭር፣ በመካከለኛና በረጅም። ሩጫ ለማይሆንለት ዝላይ፣ ውርወራና ኳስ አለ። ለዚህ ሁሉ ሜዳ፣ ገመድና ድንጋይ ይበቃል።

ለ/ ማርክ ስንሰጥ የልጁን የዛሬ ውጤት ከራሱ ከባለፈው ወር ውጤት ጋር እናስተያይ። ለዚህ አንድ ደብተር ላይ መመዝገብ በቂ ነው።

ሐ/ ስለ ስፖርተኞች ስናስተምር በጥቁር ሰሌዳ ላይ አንድ ረጅም መሥመር አስምረን ዓመቶቹን እንደርድር። ለምሳሌ የማሞን 1949፣ 1957፣ 1961፣ 1964 እና 1994 እንጻፍ። ተማሪዎቹ በእያንዳንዱ ዓመት ምን እንደሆነ ይናገሩ። ድሉም፣ ሽንፈቱም፣ መከራውም በአንድ መሥመር ላይ ይታያቸዋል።

መ/ አካል ጉዳተኛ ልጅ በክፍላችን ቢኖር «አንተ ቁጭ በል» አንበለው። የአበበን ቀስት እናስታውስ፤ በመቀመጫው ሆኖ የሚወረውረው ወይም የሚያነጣጥረው ነገር እንፈልግለት።

ለመወያያ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1ኛ/ ማሞ ከሜልቦርን በኋላ ሩጫ ቢያቆም ኖሮ ጥፋቱ የማን ይሆን ነበር?

2ኛ/ በአካባቢያችሁ በስፖርት የታወቀ፣ ዛሬ ግን በሌላ ሥራ የሚተዳደር ሰው ታውቃላችሁ? ወደ ክፍል ጋብዛችሁ ቢናገር ተማሪው ምን ይጠቀማል?

3ኛ/ በሰውነት ማጎልመሻ ማርክ የሚሰጠው ለፍጥነት ነው፣ ለጥረት ነው ወይስ ለመሻሻል? ለምን?

ውድ ጓደኞቻችን፣ በመስከረም አንዳንዶቻችን ስሙን ሰምተነው ወደማናውቅ ትምህርት ቤት እንላካለን። እዚያ ሜዳ ላይ ከኋላ የምትቀረውን ልጅ ባየን ጊዜ ውጤቷን ከመጻፋችን በፊት አንድ ጥያቄ እንጠይቃት፦ «ቤትሽ ምን ያህል ይርቃል?»