«ዘርዝር» እና «አስኪድ»፦ ለኤአይ ኤጀንት የመሣሪያ ማብራሪያ ስንጽፍ



ዓለም ባንክ አካባቢ የምንኖር ጥቂት የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ከዐስር ሶላት በኋላ በአንድ ጓደኛችን ቤት እየተሰበሰብን አንድ ትንሽ መሣሪያ ሠርተን ነበር። ሥራው ለልምምድ የተዘጋጁ የሳይበር ጥቃት ማስመሰያዎችን ለኤአይ ኤጀንት መዘርዘር ነው። ኮዱ በሁለት ቅዳሜ አለቀ። ያስቸገረን ማብራሪያው ነበር። ከዚያ የተማርነውን እናካፍላችሁ።

ማስመሰያ ለምን ያስፈልጋል?

በሰኔ 2012 ዓ.ም. ኢንሳ፣ መቀመጫውን ግብፅ ያደረገ «ሳይበር ሆረስ» የተባለ ቡድን በአገራችን ተቋማት ላይ የሞከረውን ጥቃት ማክሸፉን አሳውቆ ነበር። እንዲህ ያለ ቀን ሳይመጣ፣ አጥቂ የሚያደርገውን በራስ ማሽን ላይ በቁጥጥር ሥር ሞክሮ መከላከያን መፈተሽ ማስመሰያ ይባላል። ማይተር የተባለው የአሜሪካ ተቋም የአጥቂዎችን ዘዴዎች «አታክ» በሚባል ክፍት መዝገብ ላይ በቁጥር ለይቶ አስቀምጧል፤ ለምሳሌ ቲ1136 አዲስ አካውንት መፍጠር ነው። «አቶሚክ ሬድ ቲም» የተባለው ክፍት ስብስብ ደግሞ በእነዚህ ቁጥሮች የተደራጁ አጫጭር ፈተናዎችን ይዟል።

ዛሬ ፈተናውን የሚመርጠው ሰው ብቻ አይደለም። አንትሮፒክ የተባለው ኩባንያ በኅዳር 2017 ዓ.ም. ይፋ ባደረገው ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል አማካኝነት ኤአይ ኤጀንት የተለያዩ መሣሪያዎችን ራሱ መርጦ መጥራት ይችላል። ሲመርጥ የመሣሪያውን ኮድ አያነብም። የሚቀርብለት ስሙ፣ ማብራሪያውና የሚቀበለው ግብዓት ነው። እኛ የጻፍነው ዓረፍተ ነገር ለእሱ ዓይኑ ነው ማለት ነው።

የተሳሳትነው

ሁለት መሣሪያ ነበረን፤ አንዱ ይዘረዝራል፣ ሌላው ያስኬዳል። ለመጀመሪያው «ከማስመሰያዎች ጋር ይሠራል»፣ ለሁለተኛው «ማስመሰያዎችን ያቀርባል» ብለን ጻፍን። ከዚያ «ለቲ1136 ምን ምን ፈተና አለን?» ብለን ጠየቅነው። ኤጀንቱ ሁለተኛውን ጠራ። ማናችንም ያላዘዝነው አዲስ አካውንት ማሽኑ ላይ ተፈጠረ። ማሽኑ ከኢንተርኔት የተቆረጠ የራሳችን መለማመጃ ስለነበር አጠፋነውና አልሐምዱሊላህ አለፈ። የሰው ሰርቨር ቢሆንስ ኖሮ? የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ብቻ ሳይሆን ከተሰጠ ፈቃድ በላይም ሆን ብሎ ወደ ኮምፒዩተር ሥርዓት መግባትን ይከለክላል። «ኤጀንቱ ነው ያደረገው» ብንል ለባለንብረቱ ምን ይረባዋል?

ታክሲ ተራ ላይ ወያላው «አየር ጤና፣ ዓለም ባንክ!» እያለ ሲጣራ መስማት መሳፈር አይደለም። ሰምተን፣ መርጠን፣ ከዚያ እንገባለን። ዓለም ባንክ ብሎ ጭኖን አየር ጤና ላይ «መጨረሻ ነው፣ ውረዱ» ሲለን የምንበሳጨው ቃሉና ሥራው ስለተለያየ ነው። የእኛም ማብራሪያ እንደዚያ ወያላ ነበር።

እንዴት አስተካከልነው?

1. ስሙ ሥራውን ይናገር። «ማስመሰያ» የነበረውን «ማስመሰያዎችን ዘርዝር» አልነው።

2. የማይሠራውም ይጻፍ። «ዝርዝር ያነባል ብቻ፤ ምንም ፈተና አያስኬድም፣ ማሽኑ ላይ ምንም አይቀይርም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከሁሉም በላይ ጠቀመን።

3. ግብዓቱ ይለይ። የዘዴው ቁጥር፣ ዊንዶውስ ወይም ሊኑክስ፣ በአንድ ጊዜ ስንት ውጤት እንደሚመጣ፤ ካልተሞላ ምን እንደሚሆንም ጭምር።

4. ውጤቱ ይብራራ። የፈተናው ስም፣ ቢሄድ ማሽኑ ላይ ምን እንደሚቀይር፣ የተቀየረውን የሚመልስ ትእዛዝ እንዳለው።

5. ባዶ ዝርዝር ምን ማለት እንደሆነ ይነገር። «በዚህ ቁጥር የተመዘገበ ፈተና የለም» ማለት ነው እንጂ «ሥርዓቱ አስተማማኝ ነው» ማለት አይደለም። ይህን ካልጻፍን ኤጀንቱ ለጠያቂው የሐሰት መረጋጋት ሊሰጠው ይችላል።

ይሁንና ማብራሪያ ቁልፍ አይደለም። «አያስኬድም» ብሎ መጻፍ ብቻውን አይከለክልም። ስለዚህ የሚያስኬደውን መሣሪያ ለይተን፣ ሰው ካልፈቀደ እንዳይሠራ በኮዱ ውስጥ አሰርነው። ሌላ ሰው የጻፈውን መሣሪያ ስንወስድም ማብራሪያውን እስከ መጨረሻው እናነባለን፤ ኤጀንቱ የሚያምነው ጽሑፍ ስለሆነ ተንኮለኛ ሰው ስውር ትእዛዝ ሊሸሽግበት ይችላል።

መድረሳ ሳለን እንደተማርነው፣ ከቁርኣን አያዎች ረጅሙ የሱረቱል በቀራህ 282ኛው ስለ ዕዳ መጻፍ ነው። ጸሐፊው በፍትሕ እንዲጽፍ፣ ጉዳዩ ትንሽም ይሁን ትልቅ መጻፍ እንዳይሰለች ያዛል። እኛ ግን «ትንሽ መሣሪያ ነው፣ ማብራሪያው ይደርሳል» ብለን ሰልችተን ነበር። የምንጽፈው አማና ነው፤ አንባቢው ሰውም ይሁን ማሽን።

የቤት ሥራ እንስጣችሁ፦ ከሠራችሁት ፕሮጀክት አንድ ፈንክሽን ምረጡ፤ የሚሠራውንና የማይሠራውን በሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ኮዱን ላላየ ጓደኛችሁ አንብቡለትና ምን እንደሚሠራ ይንገራችሁ። መልሱ ካሳቃችሁ፣ ድጋሚ ጻፉት።

ወላሁ አዕለም።