ላባ በምትለውጥ ዶሮ ላይ መኖ አይቀነስ

መግቢያ

እንቁላል ጣይ ዶሮዎች አንድ ዓመት ያህል ከጣሉ በኋላ አሮጌ ላባቸውን አራግፈው አዲስ ያበቅላሉ። በዚህ ጊዜ አብዛኛዎቹ መጣል ያቆማሉ። ብዙ አርቢዎችም ዶሮዋ ሥራ የፈታች መስሏቸው መኖ ይቀንሱባታል ወይም ለገበያ ያወጧታል። ይህ ጽሑፍ የልማት ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ይህን ስሕተት እንዲያርሙ ለመርዳት የተዘጋጀ ነው።

1. መኖው የት ይገባል?

ላባ ከሞላ ጎደል ፕሮቲን ነው። 2 ኪሎ ግራም የምትመዝን ዶሮ ቢያንስ 100 ግራም ያህል ላባ አላት፤ ከዚህም 85 ግራም የሚሆነው ፕሮቲን ነው። የአንድ እንቁላል ፕሮቲን 6 ግራም ያህል ስለሆነ፣ ላባዋን ሙሉ በሙሉ የምትተካ ዶሮ ከ12 እንቁላል የሚበልጥ ፕሮቲን ታወጣለች ማለት ነው።

ኃይልም ይወጣል። ላባ ለማብቀል የሚጠፋው ኃይል በላባው ውስጥ ከሚቀረው እጅግ ይበልጣል። በተጨማሪም የተራቆተ ገላ ሙቀት ስለሚያባክን፣ በተለይ በደጋ አገር ሌሊት፣ ዶሮዋ ሰውነቷን ለማሞቅ ብቻ ተጨማሪ መኖ ትፈልጋለች።

2. ጥሩ ጣይዋን መለየት

በክንፍ የውጭ ክፍል 10 ትላልቅ ላባዎች ይገኛሉ። እያንዳንዱ አድጎ እስኪጨርስ 6 ሳምንት ያህል ይፈጃል። ደካማ ጣይ ቀድማ ትጀምርና አንድ በአንድ ስለምትጥል እስከ 6 ወር ትቆያለች። ጥሩ ጣይ ግን ዘግይታ ትጀምራለች፤ ሁለት ሦስቱን ባንድ ጊዜ ስለምትጥል ከ2 እስከ 3 ወር ውስጥ ትጨርሳለች። ስለዚህ ድንገት የተራቆተችውና መልኳ የከፋው ዶሮ ብዙ ጊዜ ከመንጋው የተሻለችው ናት።

3. ሊደረግ የሚገባው

ሀ. መኖው ሳይቀነስ የኑግ ወይም የሰሊጥ ፋጉሎ ይጨመርበት። የሰሊጥ ፋጉሎ ለላባ የሚያስፈልገው ሜታዮኒን በብዛት አለው።

ለ. ንጹሕ ውሃ አይታጣ። ውሃ ያጡ ዶሮዎች ጊዜው ሳይደርስ ላባቸውን ሊጥሉ ይችላሉ።

ሐ. ጉዝጓዙ ደረቅ ይሁን፤ ቤቱ ነፋስ አያስገባ።

መ. አዲስ ላባ ሥሩ ደም ስላለው ሲነካ ያማል፤ ዶሮዎቹ ያለ ምክንያት አይያዙ።

ሠ. በተራቆተው ቦታ አዲስ ላባ ካልታየ ቅማል፣ ቅንቅን ወይም የመነካከስ ቁስል መኖሩ ይመርመር።

ማጠቃለያ

ላባዋን የጨረሰች ዶሮ እንደገና ትጥላለች። ቁጥሩ ከመጀመሪያው ዓመት ቢያንስም እንቁላሉ ተለቅ ያለ ይሆናል። አርቢው ዶሮዋን ከመሸጡ በፊት ክንፏን ዘርግቶ እንዲመለከት ማስተማር የልማት ሠራተኛው ተግባር ነው።