ምዕራፍ አምስት፦ ከቃል ጋር የሚደረግ ትግል

የሚንተባተብ ሰው ሌላው የማያየው ድካም አለበት። ቃሉ ገና ከአፉ ሳይወጣ ይፈራዋል። ስሙን ሲጠየቅ ይጨንቀዋል። ስልክ ሲደወል ሌላ ሰው ቢያነሳለት ይመርጣል። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አቅቶት መውረጃውን ያልፍና በእግሩ ይመለሳል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ዕውቀት ወይም ችሎታ አንሶት አይደለም፤ ከአንድ ቃል ጋር ግብግብ ሲገጥም ሰው እንዳያየው ብሎ ነው።

ይህን ግብግብ ዕድሜ ልኩን ያጠናው አሜሪካዊው ቻርልስ ቫን ራይፐር አንድ ትልቅ ትምህርት ትቶልናል፦ አንደበትን ይበልጥ የሚያስረው መንተባተቡን ለመደበቅ የምናደርገው ትግል ነው።

ባለጉዳዩ ተመራማሪ ሲሆን

ቫን ራይፐር እ.ኤ.አ. በ1905 በሚሺጋን ግዛት፣ ቻምፒዮን በምትባል ትንሽ ቦታ ተወለደ። ከልጅነቱ ጀምሮ ክፉኛ ይንተባተብ ነበር። ራሱ እንደተረከው፣ በወጣትነቱ ተስፋ ከመቁረጡ የተነሳ መስማትና መናገር የተሳነው መስሎ በእርሻ ሥራ ተቀጥሮ ያውቃል። ከዚያ ሲመለስ በመኪናቸው ያሳፈሩት አንድ አዛውንት፣ ለመናገር ሲታገል አይተው ሳቁበት። እሱ በንዴት ሲግል፣ እሳቸውም እንደሱ ተብታባ እንደሆኑ ነገሩት። በወጣትነታቸው ከቃላት ጋር ይታገሉ ነበር፤ ካረጁ በኋላ ግን ለትግል አቅም ስላጡ ቃሉን እንደመጣ እንዲወጣ ትተውታል። ወጣቱ አንድ ነገር ገባው፦ መንተባተብን ማጥፋት ባይቻል እንኳ ሳይታገሉ፣ በቀላሉ መንተባተብ ይቻላል።

በዚያን ጊዜ በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ በሊ ኤድዋርድ ትራቪስ የሚመራው ቡድን፣ መንተባተብ የሚመጣው የአንጎል ግራና ቀኝ ክፍሎች የበላይነት ሲሻሙ ነው ብሎ ያምን ነበር። ኋላ በሙያው ስመ ጥር የሆነው ዌንደል ጆንሰን ቀኝ እጁ በጀሶ ታስሮ በግራው እንዲሠራ የተደረገው በዚህ እምነት ነው። መንተባተቡ ግን አልለቀቀውም። ቫን ራይፐር በዚያው ዩኒቨርሲቲ በ1934 ዶክትሬቱን አገኘ፤ በ1936 በካላማዙ ከተማ የንግግር ክሊኒክ አቋቋመ። እዚያም አዛውንቱ በእርጅና ያገኙትን ቅለት ሌሎች በልምምድ እንዲያገኙት ማስተማር ጀመረ።

ሦስቱ እርምጃዎች

ስሙ በቀለ የሆነ ሰው «በ» ላይ ተያዘ እንበል። ከንፈሮቹ ተጣብቀዋል፤ አየሩ ከኋላቸው ታግዷል፤ አንገቱ ተገትሯል።

የመጀመሪያው ልምምድ ከቃሉ በኋላ ነው። እንደምንም «በቀለ» ብሎ ይጨርስና ወደ ቀጣዩ ቃል ሳይሮጥ ለጥቂት ሰከንድ ቆም ይላል። ከንፈሩ የት እንደተጨቆነ ያስተውላል። ከዚያ ከንፈሮቹን በስሱ ብቻ አገናኝቶ ስሙን በዝግታ ይደግመዋል።

ይህን ሲለምድ ሁለተኛው በቃሉ መሐል ይመጣል። እንደተያዘ ጉልበት አይጨምርም፤ ከንፈሩን ቀስ ብሎ ያላላና ድምፁን ጎተት እያደረገ ይወጣል።

ሦስተኛው ከቃሉ በፊት ነው። ቃሉ እንደሚያስቸግረው ሲሰማው አይሸሸውም፣ በሌላ ቃልም አይለውጠውም፤ ከንፈሩን አላልቶ ይገባበታል።

እነዚህ ልምምዶች የሚሠሩት ፍርሃቱ ሲበርድ ነው። ለዚህም ቫን ራይፐር ታካሚዎቹን በሰው ፊት ሆን ብለው እንዲንተባተቡ ያደርግ ነበር። ሰው የሚፈራውን ነገር በገዛ ፈቃዱ ሲያደርገው የፍርሃቱ ጉልበት ይቀንሳልና።

ጥፋተኛ አይፈለግ

ልጃቸው የሚንተባተብ ብዙ እናቶች «ምን በድዬው ይሆን?» እያሉ ራሳቸውን ሲወቅሱ መስማት ያሳዝናል። እ.ኤ.አ. በ2010 በዴኒስ ድሬይና የሚመራ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ቡድን ከመንተባተብ ጋር የተያያዙ ለውጦችን በሦስት ጂኖች ላይ አግኝቷል። መንተባተብ በዘር ሊወረድ የሚችል፣ ከአንጎል አሠራር ጋር የተያያዘ ነገር እንጂ የአስተዳደግ ጥፋት ውጤት አይደለም። መንተባተብ ከጀመሩ አራት ልጆች ሦስቱ ገደማ እያደጉ ይተዉታል፤ በአዋቂነት የሚቀረው ከመቶ አንድ ሰው ያህል ነው። ቢሆንም ልጁ ከፈራ፣ ከተጨነቀ ወይም ችግሩ ወራትን ካስቆጠረ የንግግር ሕክምና ባለሙያ ማማከር ይገባል።

ቤተሰብ የሚችለው ብዙ ነው። ቃሉን አይጨርሱለት። «ቀስ በል»፣ «ተንፍስ» አይበሉት፤ ምክሩ በቅንነት ቢሰጥም ልጁ የሚሰማው «አሁንም አበላሸህ» የሚል ነው። ዓይኑን እያዩ ይጠብቁት፤ ለተናገረው ሐሳብ መልስ ይስጡት። እርስዎም ረጋ ብለው ይናገሩ።

የዚህ ሳምንት ልምምድ

የሚንተባተቡት እርስዎ ከሆኑ፣ ዘወትር የሚሸሹትን አንድ ቃል ይምረጡ። በቀን አንድ ጊዜ፣ ለሚያምኑት ሰው፣ ሳይለውጡት ይናገሩት። ቢያዙም ይጨርሱት፤ ቆም ይበሉ፤ በለሰለሰ አፍ ይድገሙት። ማታ ላይ የሚመዝኑት ስንት ጊዜ እንደተንተባተቡ አይሁን። ሊሉ የፈለጉትን ብለዋል? ካሉ፣ ቀኑ ተሳክቷል።