ሰሚውንስ ማን ይሰማዋል?

በዛሬው ትምህርታችን በፀረ ኤድስ ክበቦች ውስጥ ስሙ ብዙ ጊዜ የሚነሳ፣ ውስጡ ግን እምብዛም የማይነገር ጉዳይ እናነሳለን። እሱም የግል የምክር አገልግሎት ነው። “ችግር ካለባችሁ ካውንስለር አነጋግሩ” ሲባል ሰምታችኋል። ግን በሩ ከተዘጋ በኋላ እዚያ ክፍል ውስጥ ምን ይደረጋል? አማካሪው የሰማውን ሁሉ የት ያደርሰዋል? እሱ ራሱ ሲከብደውስ ለማን ይናገራል?

እኔ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ነኝ። የምሠራው በዋግ ኽምራ፣ ሰሃላ ውስጥ ነው። ድርቅ የሚመላለስበት፣ ሰው ሁሉ የሚተዋወቅበት አገር ነው። ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት ቦታ ደግሞ ምስጢር መጠበቅ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ እናንተም ታውቁታላችሁ።

አንድ ታሪክ

ይህን ታሪክ የማቀርብላችሁ ባለቤቱን አስፈቅጄ ነው። ማንነቱን የሚጠቁሙ ነገሮችን ለውጫለሁ። ስለዚህ “እገሌ መሆን አለበት” ብላችሁ ብትገምቱ ትሳሳታላችሁ።

ዝናቡ ባጠረበት ዓመት ክረምት ላይ ብዙ ወጣቶች ለሰሊጥ አረም ወደ መተማ ይወርዳሉ። እሱም የደብተርና የልብስ መግዣ ላግኝ፣ ለእናቴም እህል ልሸምት ብሎ ሄደ። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ተመለሰ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ቢሮዬ ገባና ተቀምጦ ብዙ ዝም አለ። ከዚያ “ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነበር” አለኝ። አስተማሪ አይደለሁም፤ ግን ልጆቹ የሚያከብሩትን የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ቲቸር ይላሉ።

ነሐሴ ውስጥ አብረውት ከሚያርሙት ጋር ጠጥቶ፣ ያለ ኮንዶም የግብረ ሥጋ ግንኙነት አድርጓል። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ እንቅልፍ የለውም።

እኔስ ምን አደረግኩ? ማውራት ጀመርኩ። ስለ መተላለፊያ መንገዶች፣ ስለ መጠጥ፣ ስለ ኮንዶም፣ ስለ ምርመራ ሃያ ደቂቃ ያህል ሳላቋርጥ ተናገርኩ። “በል ነገውኑ ሄደህ ተመርመር” ብዬ ደመደምኩ። እሱ “እሺ” አለ። ሦስት ጊዜ “እሺ” አለና ወጣ። በማግስቱም ሆነ በሳምንቱ አልተመረመረም። መንገድ ላይ ሲያየኝ አቅጣጫ ይቀይር ጀመር።

የተናገርኩት ሁሉ ትክክል ነበር። ታዲያ ጥፋቱ የቱ ላይ ነው?

መምከርና የምክር አገልግሎት

በባህላችን ምክር ክቡር ነገር ነው። ታላቅ ታናሹን ይመክራል፤ ሽማግሌ ባልና ሚስትን ይመክራል፤ የንስሐ አባት የንስሐ ልጃቸውን ይመክራሉ። የንስሐ አባት የሰሙትን ለሌላ አያወሩም። ስለዚህ “የሰማኸውን ቅበረው” የሚለው ሐሳብ ከውጭ የመጣብን እንዳይመስላችሁ።

የባለሙያ የምክር አገልግሎት ግን በአንድ ነገር ይለያል። መካሪ “እንዲህ አድርግ” ይላል። አማካሪ ደግሞ ሰውዬው የራሱን ጉዳይ አይቶ ራሱ እንዲወስን ያግዘዋል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ካርል ሮጀርስ እ.ኤ.አ. በ1942 ባሳተመው መጽሐፍ ትእዛዝና ምክር ማዥጎድጎድ ሰውን እንደማይለውጥ ተከራክሯል። በ1957 ደግሞ ከአማካሪ የሚጠበቁ ሦስት ነገሮችን አስቀምጧል፤ ሳያስመስል ራሱን መሆን፣ ሰውን ሳይፈርዱ መቀበል፣ ነገሩን በሰውዬው ዓይን ለማየት መሞከር። ይህ አገልግሎት “ምከረው፣ ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው” ከሚለው አባባላችን ጋር አይሄድም። አማካሪ እምቢ ያለውን ሰው ለመከራ አይተወውም።

እኔ ያን ቀን ያቀረብኩት ምክር እንጂ የምክር አገልግሎት አልነበረም።

በሩ ከተዘጋ በኋላ

በትክክል የሚሰጥ የምክር አገልግሎት ብዙውን ጊዜ እንዲህ ይሄዳል፦

1. ውል ይያዛል። አማካሪው ማን እንደሆነ፣ ምን ያህል ሰዓት እንዳላችሁ፣ ምስጢራችሁ እንዴት እንደሚጠበቅ ይነግራችኋል። ምስጢር የማይጠበቅባቸው ጥቂት ሁኔታዎችም ከመጀመሪያው ይነገራሉ፤ ለምሳሌ ራስን ወይም ሌላን ሰው ለመግደል ማሰብ፣ በሕፃን ላይ የሚፈጸም ጥቃት። ከዚህ ውጪ የሙያ ምስጢርን ማውጣት በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግም ያስጠይቃል።

2. ይደመጣል። እዚህ ላይ አማካሪው ብዙ አያወራም። ዝምታም ይኖራል። ዝምታው ሊያስፈራችሁ አይገባም።

3. አማራጮች ይታያሉ። ትክክለኛ መረጃ የሚሰጠው እዚህ ላይ ነው፤ ሰውዬው ለመስማት ሲዘጋጅ።

4. ውሳኔው የባለጉዳዩ ይሆናል።

በትንሽ ከተማ ደግሞ አንድ ነገር ይጨመራል። “መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም ልበልህ ወይስ ዝም ልበል?” ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ። በአገራችን ዝም ብሎ ማለፍ ኩርፊያ ነው፤ ቆሞ ብዙ ማውራት ደግሞ “እነዚህ ምን አላቸው?” ያሰኛል። እኔ ይህንንም አልጠየቅኩትም ነበር።

አማካሪውም ሰው ነው

ልጁ መንገድ ሲቀይርብኝ እኔም እንቅልፍ አጣሁ። በወሩ ወደ ሰቆጣ ስወጣ የምሄድባቸው አንድ ልምድ ያላቸው አማካሪ አሉ። ሁላችንም “ሲስተር” ነው የምንላቸው። ሥራዬን ይዤ እሳቸው ፊት እቀመጣለሁ። ይህ ሱፐርቪዥን ይባላል።

አውቃለሁ፣ “ሱፐርቪዥን” ስትሉ ትዝ የሚላችሁ ሌላ ነው። ትምህርት ቤት “ሱፐርቪዥን መጣ” ሲባል ግቢው ይጠረጋል፣ ያረፈደው ሁሉ ይሮጣል። እሱ ቁጥጥር ነው። የአማካሪዎች ሱፐርቪዥን ግን ሌላ ነው። ስለ ማኅበራዊ ሥራ ሱፐርቪዥን እ.ኤ.አ. በ1976 መጽሐፍ የጻፈው አልፍሬድ ካዱሺን ሥራውን በሦስት ይከፍለዋል። አንደኛው አስተዳደራዊ ነው፤ ሥራው በሥርዓቱ መሠራቱን ማየት። ሁለተኛው ትምህርታዊ ነው፤ ሙያውን ማሻሻል። ሦስተኛው ድጋፍ ነው፤ ሠራተኛው በሰማው ነገር እንዳይሰበር መደገፍ።

“ታዲያ ምስጢሬ ለሱፐርቫይዘር ይነገራል ማለት ነው?” ትሉ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ስም፣ ቀበሌ፣ የማን ልጅ የሚለው አይነገርም። ሱፐርቫይዘሩም በዚያው የምስጢር ግዴታ ይታሰራል። እንዲህ ዓይነት ድጋፍ እንደሚያገኝ አማካሪው ከመጀመሪያው ሊነግራችሁ ይገባል። ለሱፐርቪዥን የሚቀርበው በዋናነት የአማካሪው ሥራ ነው።

ሲስተር ይህን ጥቅም የተማሩት በመከራ ነው። በአገራችን የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የነበሩ አማካሪዎች “ቫይረሱ በደምህ ተገኝቷል” ብለው ለብዙው ሰው የሚሰጡት መድኃኒት አልነበራቸውም። “ጠዋት ለሦስት ሰው እነግራለሁ፤ ከሰዓት አንዷን ቀብሬ እመጣለሁ። እኔን ግን ‘አንቺስ እንዴት ነሽ?’ የሚል አልነበረም” ብለውኛል። ለዚህ ነው ዛሬ ለእኛ ጊዜ የሚሰጡት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባል የለ?

ታሪኩን ስነግራቸው አልተቆጡም። “ያን ያህል ስታወሪ ማንን ነበር የምታረጋጊው፣ እሱን ወይስ ራስሽን?” ብለው ብቻ ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። ለካ ልጁ ሲናገር የደነገጥኩት እኔ ነበርኩ። ድንጋጤዬን በትምህርት ሸፈንኩት። “አሁን እንዳታሳድጂው። ስታሳድጂው ሰው ያየዋል። ስታገኚው እንደማንኛውም ተማሪ ሰላም በይው፤ ምንም አትጠይቂው” አሉኝ።

እንዳሉኝ አደረግኩ። ሁለት ሳምንት ያህል ሰላምታ ብቻ።

ሁለተኛው ቀን

አንድ ቀን ራሱ መጣ። መጀመሪያ ያለኝ “ለማንም አልተናገሩም” የሚል ነው። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ መምህራኑ በሌላ ዓይን ያዩት እንደሆነ፣ ልጆቹ ይንሾካሾኩበት እንደሆነ ሲጠብቅ ነበር። “ከአፍ ከወጣ አፋፍ” የሚባለውን ያውቃል። እኔ ተመርመር ስለው እሱ ደግሞ እኔን እየመረመረ ነበር ማለት ነው።

ያን ቀን እሱ ተናገረ፣ እኔ ሰማሁ። ከቫይረሱ ይልቅ የሚያስፈራው ሌላ ነገር ነበር። በገበያ ቀን ጤና ጣቢያ በር ላይ ሰው ቢያየው እናቱ ዘንድ ወሬው ከእሱ ቀድሞ ይደርሳል። ይህን ያህል ቀላል፣ ይህን ያህል ከባድ ነገር ነበር የከለከለው። እኔ በሃያ ደቂቃ ትምህርቴ ያልደረስኩበት።

ከዚያ መረጃው ተራው ደረሰ። ምርመራው የሚፈልገው ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚያዘጋጀውን ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ ይህ እስኪታይ እስከ 3 ወር ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ አሁን ተመርምሮ፣ ግንኙነቱ ከተፈጸመ 3 ወር ሲሞላ መድገም ያስፈልጋል። ውጤቱ እስኪታወቅ ድረስ ከግንኙነት መታቀብ ወይም በኮንዶም መጠቀም ይገባል። በ72 ሰዓት ውስጥ ቢመጣ ኖሮ ለ28 ቀን የሚወሰድ መከላከያ መድኃኒት ነበር፤ ያ ጊዜ አልፏል። ቫይረሱ ቢገኝበትም ሕክምናው ነፃ ነው። መድኃኒቱን በትክክል የሚወስድና በደሙ ያለው የቫይረስ መጠን በምርመራ እስከማይታይ ድረስ የወረደ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን አያስተላልፍም። ረጅም ዕድሜ ይኖራል፤ ያገባል፤ ይወልዳል።

ቀኑን ራሱ መረጠ፤ ገበያ የማይቆምበት ቀን። ሄደ፣ ተመረመረ። በኅዳርም ደገመ።

“ውጤቱስ?” ብላችሁ እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። ታሪኩን እንድጽፍ ሲፈቅድልኝ “ውጤቱን ግን ለእኔ ይተዉልኝ” ብሏል። ስለዚህ አልነግራችሁም። የምነግራችሁ ዛሬ መንገድ እንደማይቀይር ብቻ ነው።

አማካሪ ስትፈልጉ

እንደ አዲስ አበባ ባሉ ትልልቅ ከተሞች በሰዓት እየተከፈላቸው የግል ምክር የሚሰጡ ባለሙያዎች አሉ። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ቢሮ ባይኖርም በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች የኤችአይቪ ምክርና ምርመራ በነፃ ይሰጣል። በአገራችን የምርመራ መመሪያ መሠረት 15 ዓመት የሞላው ወጣት በራሱ ፈቃድ መመርመር ይችላል። ከፍላችሁም ሆነ በነፃ ስትሄዱ እነዚህን አስተውሉ፦

• ስለ ሥልጠናው ብትጠይቁት ቅር አይሰኝም።
• ስለ ምስጢር ሳትጠይቁት ይነግራችኋል።
• የሌላ ሰው ታሪክ በስም እየጠራ አያወራም። የሌላውን ለእናንተ የሚያወራ የእናንተንም ለሌላው ያወራል።
• በምትፈልጉት ቋንቋ ለመናገር መብት አላችሁ። በዋግ ብዙ ወጣት እቤቱ የሚናገረው ኽምጣኛ ነው፤ የልብ ነገር ደግሞ በልብ ቋንቋ ይቀላል።
• “ለእርስዎ የሚያግዝዎት ሱፐርቫይዘር አለ?” ብላችሁ መጠየቅ ነውር አይደለም።
• ተገዳችሁ ከተደፈራችሁ ቀጠሮ አትጠብቁ። በ72 ሰዓት ውስጥ፣ በተቻለ መጠን በዚያው ቀን፣ ጤና ተቋም ሂዱ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንላለን። እውነት ነው። ግን ሰው የሚደብቀው ብዙ ጊዜ የሚገልጥለት አስተማማኝ ሰው ሲያጣ ነው። እናንተም ለጓደኞቻችሁ እንዲህ ዓይነት ሰው መሆን ትችላላችሁ። ሲነግሯችሁ ቶሎ አትምከሩ፤ መጀመሪያ ስሟቸው። የሰማችሁት ከከበዳችሁ ደግሞ ስም ሳትጠሩ ለምታምኑት ታላቅ ሰው አዋዩ።

በክበባችሁ የምትወያዩባቸው ጥያቄዎች

1. የመጀመሪያው ቀን ምክር ትክክለኛ መረጃ ይዞ ሳለ ለምን አልሠራም?
2. በአካባቢያችሁ ወጣቶች ለምርመራ እንዳይሄዱ የሚከለክላቸው ምንድን ነው? ክበባችሁ ምን ሊያደርግ ይችላል?
3. ጓደኛችሁ ራሱን ሊጎዳ እንዳሰበ ቢነግራችሁና “ለማንም እንዳትናገሩ” ቢላችሁ ምን ታደርጋላችሁ?